ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት ኮምፒውተሩ የት ላይ እንደሚቆም ይዩ

ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ውጫዊው ሃርድ ዲስክ በዩኤስቢ ተሰክቶ ኮምፒውተሩን ሲያበሩት የአምራቹ ዓርማ ላይ ደርቆ ይቀራል፤ ዲስኩን ነቅለው ሲያበሩት ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ይነሳል። ያማከሩት ሰው «ዊንዶውስ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ» ብሎዎታል። እባክዎ አያስደርጉ። ዲስኩ ሲነቀል በሰላም የሚነሳ ዊንዶውስ ጤነኛ ነው። ዓርማው ብቻውን ከቆመና ከሥሩ የሚሽከረከሩት ነጥቦች ካልመጡ፣ የዊንዶውስ ተራ ገና አልደረሰም ማለት ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ዋጋ ስለከፈልኩበት ነው። ቤታችን በነበረው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ አንድ ቀን ስክሪኑ ጠቆረና በግራ በኩል ከላይ ብልጭ ድርግም የምትል አጭር መስመር ብቻ ቀረች። ዊንዶውስ ሞቷል ብዬ ዲስኩን አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩ። ጭነቱ አልቆ ማሽኑ ሲነሳ ያችው መስመር ተመልሳ መጣች። ገመዶቹን ልፈትሽ ማሽኑን ከግድግዳው ሳብ ሳደርገው ከኋላ የጥፍር ያህል ትንሽ ፍላሽ ተሰክቶ አየሁ። ስነቅለው ኮምፒውተሩ ወዲያው ተነሳ። የእህቴ የመመረቂያ ጽሑፍ ረቂቅ ግን እኔ ካጠፋሁት ዲስክ ጋር ሄዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልነሳም የሚለኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ምን ተሰክቷል?» ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፕሮግራም ነው፤ የድሮው ባዮስ፣ የአሁኑ ዩኢኤፍአይ ይባላል። ይህ ፕሮግራም የተሰካውን ሁሉ ይቆጥራል፤ ከዚያ በተሰጠው ቅደም ተከተል መሠረት ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ ይፈልጋል። ዩኤስቢ ከውስጠኛው ዲስክ ቀድሞ ከተቀመጠ የእርስዎን ውጫዊ ዲስክ ያንኳኳል። ባዮስ የሚያነበው የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ባይቶች የሚፈልገውን ምልክት ከያዙ ሥራውን ለዚያ ዲስክ ያስረክባል። ችግሩ ይህ ምልክት ለፋይል ማስቀመጫ ብቻ በተከፋፈለ ዲስክ ላይም መኖሩ ነው። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ በሌለበት ዊንዶውስን ሲጠብቅ ይቀራል፤ ወይም ማስነሻ ሥርዓት የለም የሚል መልእክት ያወጣል። ዩኢኤፍአይ በዚህ በኩል ጠንቃቃ ነው፤ የማስነሻ ፋይል ካላገኘ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ሆኖም ከዚህ ቀደም ዊንዶውስን ለመጫን ያገለገለ ፍላሽ ያንን ፋይል እንደያዘ ስለሚቆይ እሱም ሊወስደው ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሲያበሩ ኤፍ 2 ወይም ዲሊት ቁልፍን (እንደ ማሽኑ ይለያያል) ደጋግመው ይጫኑ፣ የማስነሻ ቅደም ተከተሉ ውስጥ ይግቡ፣ «ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር» የሚለውን ከሁሉ በላይ ያድርጉና አስቀምጠው ይውጡ። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ ዲስክዎ በቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ ይህን ቅንብር መቀየር ባለ 48 አሃዙን የመክፈቻ ቁጥር ሊያስጠይቅዎ ይችላል። ቁጥሩ በእጅዎ መኖሩን ሳያረጋግጡ ምንም አይንኩ።

የእርስዎ ማሽን ግን የሚቆመው ዓርማው ላይ ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። እዚያ ላይ የሚቆም ማሽን ብዙውን ጊዜ ዲስኩን «ማነህ?» ብሎ ጠይቆ መልስ እየጠበቀ ያለ ማሽን ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሳያጠፉት አምስት ደቂቃ ያህል ይታገሡት። ዘግይቶም ቢሆን ከተነሳ ዲስኩ መልስ ለመስጠት እየተቸገረ ነው። ቀጥሎ በዚያው ቀዳዳ ላይ ሌላ ፍላሽ ሰክተው ያብሩ። በሌላው ፍላሽ ካልቆመ ጥርጣሬው ወደ ዲስኩና ወደ ኬብሉ ያመራል፤ በሌላውም ከቆመ ቀዳዳውን ወይም የባዮሱን ቅንብር ይመርምሩ። ቀዳዳውን በባትሪ ብርሃን ማየትም አይርሱ፤ የተጣመመ እግር ወይም የገባ ብረት ነገር ማሽኑን ፈጽሞ እንዳይነሳ ሊያደርገው ይችላል።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው የኤሌክትሪክ ኃይልን ነው። የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ በመደበኛው 500 ሚሊአምፔር፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ይሰጣል። ከግድግዳ የሚሰካ የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ የሌለው ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ ከሁሉ የበለጠ ኃይል የሚፈልገው በውስጡ ያለው ፋይል የሚጻፍበት ሳህን መሽከርከር በሚጀምርበት ቅጽበት ነው። ኬብሉ ረጅም ወይም ያረጀ ከሆነ፣ ወይም የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ የሌለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ መሃል ላይ ካለ፣ ያቺን ቅጽበት ማለፍ ያቅተዋል። እኔ አንዱን ዲስክ በጆሮዬ ነው የለየሁት። ጆሮዬን አስጠግቼ ሳዳምጥ ሞተሩ ይነሳል፣ ድምፁ ከፍ ከፍ ይላል፣ ከዚያ «ቀጭ» ብሎ ይወድቃል፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይጀምራል። ኬብሉን በአጭር ቀይሬ ከማሽኑ ጀርባ ስሰካው አንድ ጊዜ ተነስቶ ያለማቋረጥ ዞረ፤ ኮምፒውተሩም አብሮት ተነሳ። በጠረጴዛ ኮምፒውተር የኋላዎቹ ቀዳዳዎች በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ስላሉ ሁልጊዜ ከእነሱ ይጀምሩ።

ኬብልና ቀዳዳ ቀይረውም ያ «ቀጭ» ካልጠፋ ስለ ኮምፒውተሩ መጨነቅ ይተዉና ስለ ፋይልዎ ያስቡ፤ ዲስኩ እየደከመ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ ከተነሳ በኋላ ይሰኩት፣ የማይተኩትን ፎቶና ሰነድ አስቀድመው ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ። የጥገና ትእዛዝ አስቀድመው አይስጡት፤ የደከመ ዲስክን ከዳር እስከ ዳር ማስነበብ የቀረውን ዕድሜ ሊጨርሰው ይችላል። ከገለበጡ በኋላ እንደ ክሪስታልዲስክኢንፎ ባለ ፕሮግራም ጤንነቱን ይመልከቱ።

ባዮሱን ማደስም አንዳንዴ ይረዳል፤ ግን የመጨረሻው ይሁን፣ መብራት ሊቋረጥ በሚችልበት ሰዓትም አይሞክሩት።

ሊኑክስ ለምትጠቀሙ ደግሞ፦ ውጫዊ ዲስኩን በኤፍስታብ (fstab፣ ማሽኑ ሲነሳ የሚከፍታቸው ዲስኮች ዝርዝር) ፋይል ውስጥ ካስገባችሁት «ኖፌይል» (nofail፣ ዲስኩ ባይገኝም እለፈው) የሚለውን አማራጭ ጨምሩ። አለበለዚያ ዲስኩ ባልተሰካበት ቀን ማሽኑ 90 ሰከንድ ይጠብቅና ወደ አደጋ ጊዜ ሁነታ ይገባል። እዚህ ላይ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ማሽኑ የሚቆመው ዲስኩ ሲጎድል ነው።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ዛሬ ሌላ ፍላሽ ሰክተው ያብሩና ምን እንደሆነ ይጻፉልኝ፤ ነጥቦቹ መጡ ወይስ ዓርማው ብቻውን ቀረ የሚለውን ጨምረው። እስከዚያው ፎርማት የሚል ሰው ኮምፒውተሩን እንዳይነካው።