መልስ፦ ድንበር የተሻገረ ሰው አዘዋዋሪ ይያዛል ወይ?

ወንድሜ፣ «ደላላው አንዴ ድንበር ከተሻገረ ማን ይይዘዋል?» ላልከው፣ ይያዛል፤ ግን መንገዱ ረጅም ነው። የኪዳኔ ዘካርያስን ጉዳይ ተመልከት። ስደተኞችን ሊቢያ ውስጥ እያጎረ፣ ዱላው በስልክ እየተሰማ ከቤተሰብ ገንዘብ በማስላክ የተከሰሰ ኤርትራዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አዲስ አበባ ላይ ተያዘ፤ በየካቲት 2021 ደግሞ ከፍርድ ቤት አመለጠ። (ከፍርድ ቤት! እስካሁን ያናድደኛል።) በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

ኢትዮጵያም ኔዘርላንድስም በኢንተርፖል (የአገራት ፖሊሶች በሚተባበሩበት ዓለም አቀፍ ድርጅት) በኩል ቀይ ማስታወቂያ፣ ማለትም ተፈላጊውን ፈልጋችሁ ያዙልን የሚል ጥያቄ፣ አወጡበት። ይህ ማስታወቂያ ግን በራሱ የእስር ትእዛዝ አይደለም፤ ተፈላጊውን መያዝ አለመያዝ የየአገሩ ሕግ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ብቻውን አላስያዘውም። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ መርማሪዎች የገንዘቡን ዝውውር ተከትለው ሱዳን መኖሩን ደረሱበት፤ የሱዳን ፖሊስም እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2023 ያዘው።

ለዚህ ነው ቤተሰብህ ገንዘብ የላከበትን ደረሰኝ፣ የሒሳብ ቁጥርና የተደወለበትን ስልክ እንዳትጥል የምልህ። ደላላው ስሙን ይቀያይራል፤ የገንዘቡን ዱካ ማጥፋት ግን ይከብደዋል። ሁሉንም ይዘህ ለፌዴራል ፖሊስ አመልክት።