ዳራ ሺኮህ፦ ሳንስክሪት ያጠናው የሙጋል ልዑል

ወንድሜ፣ «ጥንታዊውን የሕንድ ቋንቋ ሳንስክሪትን ተምሮ የሂንዱዎችን መጻሕፍት በአክብሮት ያጠና ሙስሊም ነበር ወይ? ከነበረስ ሃይማኖቱን አልተወም?» ብለህ ጠይቀሃል። ነበር። ሙስሊሙ ሊቅ አል ቢሩኒ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መንገዱን ከፍቷል፤ የእኔን ልብ የነካው ግን ዳራ ሺኮህ ነው።

ዳራ፣ ሕንድን ይገዛ የነበረው የሙጋል ሥርወ መንግሥት ንጉሥና ታጅ ማሃልን ያሠራው የሻህ ጃሃን የበኩር ልጅ ነው። በመንፈሳዊ ሕይወቱ የተከተለው በእኛም አገር በወሎና በሐረር የሚታወቀውን ቃዲሪያ የተባለ የሱፊዎች ጠሪቃ (መንፈሳዊ መንገድ) ነበር። እ.ኤ.አ. በ1655 «የሁለቱ ባሕሮች መገናኛ» የተባለ ድርሰት ጻፈ። ስያሜው ከቁርኣን የተወሰደ ሲሆን፣ በውስጡ የሱፊዎችንና የሂንዱ ሊቃውንትን ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጦ ያመሳክራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በሕንዷ ከተማ በቤናሬስ ሊቃውንት እየታገዘ 50 ያህል ኡፓኒሻዶችን (የሂንዱዎችን ጥንታዊ ቅዱሳት ጽሑፎች) ወደ ፋርስኛ መለሰ። በመቅድሙ ላይ ቁርኣን «የተሰወረ መጽሐፍ» የሚለው እነዚህን ነው እስከ ማለት ደርሷል። በዚህ አልስማማም። ሆኖም አንድ አማኝ በገዛ ቅዱስ መጽሐፉ ውስጥ ለጎረቤቱ መጽሐፍ ቦታ ሲፈልግ ማየት እጅግ ያስደንቀኛል።

ሃይማኖቱን አልተወም፤ ራሱን ሙስሊም ብሎ ኖሯል። በ1659 በክህደት ተወንጅሎ የተገደለው ዙፋኑን በተሻማው በወንድሙ በአውራንግዜብ ዘመን ነውና፣ ያን ፍርድ ከሥልጣን ትግሉ ነጥለህ አታንብበው።

የኡፓኒሻዶቹ የፋርስኛ ትርጉም ግን ተርፏል። ፈረንሳዊው አንክቲል ዱፔሮን ከፋርስኛው ወደ ላቲን መልሶ በ1801 እና በ1802 አሳተመው፤ ፈላስፋው ሾፐንሃወር ያነበበውም ይህንኑ ነው።