ከአሥር ሁለት

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር እንኖራለን፤ ከተጋባን ዘጠኝ ዓመታችን ነው። በቅርቡ የባለቤቴን አለቃና ሦስት የሥራ ባልደረቦቹን ከነሚስቶቻቸው እራት ጋበዝን። ባለቤቴ ማለዳ ወደ ጣና ወርዶ ቆሮሶውን ከአጥማጆች እጅ ገዛ፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሰነበተ ዓሣ እንደሚሸተኝ ያውቃል። ከቡና በኋላ ባሎች ስለ ሚስቶቻቸው የሚጠየቁበትን ጨዋታ አጫወትኋቸው። ባልና ሚስት ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው መልሳቸውን በወረቀት ይጽፋሉ፤ ከገጠመ ነጥብ ነው። አሥሩን ጥያቄ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ዝርዝሩን ልኬልዎታለሁ። ሌሎቹ ስድስትና ሰባት ሲያገኙ የእኔው ሁለት አገኘ። አንዱ እንግዳ «ባል ነህ ወይስ ተከራይ?» ሲለው ሁሉም በሳቅ ፈነዳ፤ እኔም ሳቅሁ። እንግዶቹ ሲሄዱ «ለፈተና ነው እንዴ ያስቀመጥሽኝ?» ብሎኝ ተኛ። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ አያናግረኝም። የተጎዳሁት ግን እኔ ነኝ፤ የምወደውን አበባ እንኳ አያውቅም። አሁን የአለቃው ባለቤት ጨዋታውን ቤቷ ልትደግመው ጠርታናለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ዝርዝርሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የምትወደው አበባ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ያለቀሰችው በምን ምክንያት እንደሆነ፤ ልጅ ሳለች ልትሆን የተመኘችው፤ ከሩቅ ጓደኞቿ አብልጣ የምትናፍቃት። ለእንግዶች ጨዋታ ከመሆን ይልቅ ለአንድ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ ይመስላል። ሰሙ ጨዋታ ነው፤ ወርቁ «መቼ ነው የምትጠይቀኝ?» የሚል ነው። ቅሬታሽ እውነተኛ ነው፤ እኔም አላቃልለውም። ግን የአበባውን ስም ነግረሽው ታውቂያለሽ?

ፈታኟ አንቺ፣ የመልሱ ባለቤት አንቺ፣ ነጥብ ቆጣሪዋም አንቺ ነበርሽ። ልጆች ሳለን እንቆቅልሽ ስንጫወት እንዲህ አልነበረም። ተጠያቂው ገና ጥያቄውን ሳይሰማ «ምን አውቅልሽ» ብሎ አለማወቁን ያስቀድማል። መልሱ ከጠፋው አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው አገሩን ተቀብሎ ትንሽ ይሳደብና ይፈታለታል፤ ከዚያ ተራው ይዞራል። ባልሽ የሚሰጠው አገር አልነበረውም፤ ተራውም አልደረሰውም።

የዚህ ዓይነቱ የባልና ሚስት ውድድር በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታይቷል፤ ተመልካቹን የሚያስቀውም የተወዳዳሪዎቹ ማፈር ነበር። እዚያ ግን የሚስቀው ሰው ተወዳዳሪውን አያውቀውም። ያንቺ ባል ግን ሰኞ ጠዋት ከሳቁበት ሰዎች ጋር ቢሮ ይገባል። «ተከራዩ መጣ» ያለው ሰው እንደነበር እጠረጥራለሁ።

ሁለት ማግኘቱ ደግሞ አንቺ እንዳሰብሽው ትልቅ ምስክር አይደለም። ዊልያም ስዋንና ማይክል ጊል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ፍቅረኞች አብረው በቆዩ ቁጥር «አውቀዋለሁ» የሚለው እርግጠኝነታቸው ቢያድግም ትክክለኛነታቸው አብሮ እንዳላደገ አሳይተዋል። አንቺም በእሱ አሥር ጥያቄዎች ብትቀመጪ ስንት ታገኚ ነበር? ሳታስቢው በደብዳቤሽ ላይ «ያውቃል» ብለሽ የጻፍሽው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለ ዓሣው። ሽታ እንዳያስቸግርሽ ማለዳ ሐይቅ የወረደ ሰው ከአሥር ሁለት ተሰጠው።

ይቅርታ ጠይቂው፤ ስለ ጨዋታው ሳይሆን ስለ ሳቁ። «ሰው ሲስቅብህ አብሬ ስቄብሃለሁ» በይው፤ እዚያው ላይ አቁሚ። «ግን አንተም» ያልሽ እንደሆነ ይቅርታው ተበላሸ። ቦታው ሳሎን ባይሆን ይሻላል። ማምሻውን ወደ ሐይቁ ዳር ውጡ። ፊት ለፊት ሲቀመጥ ዝም የሚል ሰው ጎን ለጎን ሲራመድ እንደሚናገር በሥራዬ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የአበባው ጉዳይ በዚያው ምሽት አይነሳ፤ ሌላ ቀን ንገሪው። ዝምታው ከዚያ እራት በፊትም የነበረ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነውና ሁለታችሁም ባለሙያ አነጋግሩ።

ጥልቅ ጥያቄዎችሽን አትጣያቸው፤ የሚያስፈልጋቸው ሌላ ቤት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አርተር አሮንና ባልደረቦቹ በዚያው በ1997 ያሳተሙት የ36 ጥያቄዎች ሙከራ ሰዎችን ያቀራረበው ሁለቱም ተራ በተራ ስለመለሱ፣ ከቀላሉም ወደ ጥልቁ ቀስ እያሉ ስለሄዱ ይመስለኛል። ነጥብ ቆጣሪም አልነበረም። 45 ደቂቃ ገደማ በቂ ነው፤ ልጆች ከተኙ በኋላ የሚገኝ ጊዜ ነው።

ለእንግዶች የሚሆነው ጥያቄ መልሱ ቢሳሳት እንኳ የሚያስቅ ነው፦ ከቤት ስትወጡ ቁልፍ የሚረሳው ማነው? ወጥ ጨው ሲበዛበት ቀድሞ የሚናገረውስ? ገንዘብ፣ አማት፣ የድሮ ፍቅርና ያልተወለደ ልጅ ግን አይነሱ። በተለይ የመጨረሻው፤ ማን በልቡ ምን እንደያዘ አታውቂም። «ይለፈኝ» ማለት ያለ ምክንያት ይፈቀድ። አስተናጋጅ ከጠየቀች አትወዳደር። ጥንዶች እርስ በርሳቸው ከሚፎካከሩ ባሎች በአንድ ወገን፣ ሚስቶች በሌላ ቢሰለፉ ውርደቱም ድሉም ይከፋፈላል።

ስለ ግብዣው እሱን ጠይቂው። አልሄድም ካለ ሁለታችሁም ቅሩ፤ ምክንያቱ እሱ እንደሆነ ለአለቃው ሚስት እንዳትነግሪ። እሄዳለሁ ካለና ጥያቄ አዘጋጁ ከተባላችሁ ደግሞ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ለእሱ ስጪው። ምን እንደሚጠይቅሽ እኔም ለማወቅ ጓጉቻለሁ፤ ጻፊልኝ።