የኢንቴልና የኳልኮም የባፈር ክርክር፦ ጠይቁኝ

በ2021 በአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ስለታየው የቺፕ አምራቹ ኳልኮም 949 ፓተንት (ቁጥሩ በ949 የሚያልቅ የፈጠራ መብት) ጠይቁኝ። ግን መጀመሪያ ክሌሙን፣ ማለትም ፓተንቱ ውስጥ «የኔ ነው» የሚለውን ፈጠራ የሚገልጸውን ዓረፍተ ነገር አንብቡ፤ የጥበቃውን ወሰን የሚያሰምረው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ኮድ ከሜሞሪ ወደ ሜሞሪ መገልበጥ ምኑ ፈጠራ ነው?

መልስ፦ መገልበጡማ የቆየ ነው። ስልክ ውስጥ ዋናው ፕሮሰሰርና ከኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው ሞደም አሉ። የሞደሙ ሶፍትዌር በዋናው በኩል ተቀምጦ ስልኩ ሲበራ ወደ ሞደሙ ይሻገራል። በተለመደው አሠራር ጊዜያዊ ቦታ ላይ ያርፍና እንደገና ወደ መጨረሻ ቦታው ይገለበጣል። በ949 ግን ሄደሩ፣ ማለትም ስለ ሶፍትዌሩ ክፍሎች መረጃ የያዘው መግቢያ፣ ቀድሞ ይመጣል። ሞደሙ ከሄደሩ እያንዳንዱ ክፍል የት እንደሚገባ ያውቃል። የቀረው ከሃርድዌር ባፈሩ (ባፈር ዳታ ለአጭር ጊዜ የሚቆይበት ማከማቻ ነው) በቀጥታ ቦታው ላይ ያርፋል። ድርብ ግልበጣው ቀረ፤ ስልኩም ቶሎ ይበራል።

ጥያቄ፦ ኢንቴል ምን አገባው?

መልስ፦ ኳልኮም አፕልን የከሰሰው የኢንቴል ሞደም ባላቸው አይፎኖች ነው። ኢንቴልም ፓተንቱ እንዲሰረዝ ለፓተንት ቢሮው አመለከተ።

ጥያቄ፦ ማን አሸነፈ?

መልስ፦ «ማን አሸነፈ» እዚህ አይሠራም። የፓተንት ቢሮው ቦርድ ከፊሎቹን ክሌሞች ለኳልኮም አጽንቶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ያንን ሽሮ እንደገና እንዲታይ ወደ ቦርዱ መለሰው። ለምን? ቦርዱ ሃርድዌር ባፈር «ጊዜያዊ ባፈር አይደለም» አለ እንጂ ምን እንደሆነ አልተናገረም። ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የቀድሞ ሥራዎች (ከፓተንቱ በፊት የታወቁ ቴክኖሎጂዎች) ይዘውታል አልያዙትም ማለት አይቻልም። ፍርድ ቤቱ ፈጠራው ግልጽ ነው፣ ማለትም ባለሙያ በቀላሉ የሚደርስበትና ፓተንት የማይገባው ነው ብሎ አልወሰነም። ይሄን ደጋግሜ እላለሁ፣ ዜናው ሁሉ እዚህ ላይ ይስታል።

አንድ አባል፦ የሶፍትዌር ፓተንት ጭራሽ መቅረት አለበት!

ሌላ አባል፦ ታዲያ ምርምሩን ማን ይከፍላል?

የመጀመሪያው፦ ኦፕን ሶርሱ ማን ከፈለው?

መልስ፦ ለሌላ ቀን አቆዩት። እዚህ የተነሳው የግልጽነት ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ ግን ኮፒ ማድረግ ለማንም ግልጽ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፤ ክሌሙን አንብቡ። መለኪያው «ለማንም» አይደለም፣ በዘርፉ መደበኛ ችሎታ ላለው ባለሙያ ነው፤ ያውም ፈጠራው በተሠራበት ጊዜ። በ2007 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኬኤስአር በተባለ ኩባንያ የፓተንት ጉዳይ የታወቁ ነገሮችን አገጣጥሞ የሚጠበቅ ውጤት ማግኘት ብቻውን ፓተንት እንደማያሰጥ ተናግሯል። ግን የማገጣጠሚያው ምክንያት መታየት አለበት። መልሱን ካየን በኋላ ሁሉም ቀላል ይመስላል፤ ሕጉም የሚጠነቀቀው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የኔ አፕ ፓተንት ያገኛል?

መልስ፦ ምን እንደሚሠራ ሳትነግረኝ? ክሌም ጽፈህ ተመለስ።