የወር አበባ መቅረት የጥሩ ልምምድ ምልክት ነውን?

ውድ ጠያቂ፣ የ17 ዓመት ሯጭ ልጅዎ የወር አበባዋን ካየች አምስት ወር እንዳለፋት፣ አሠልጣኟም ይህን የጥሩ ብቃት ምልክት ነው እንዳሏት ገልጸው ሊያሳስብዎ ይገባ እንደሆነ ጠይቀዋል። አዎን፣ በእጅጉ ሊያሳስብዎ ይገባል።

የምትመገበው ምግብ የልምምዱን ወጪ ሸፍኖ ለቀሪው የሰውነት ሥራ የሚበቃ ኃይል ካላስተረፈ፣ አንጎል የመራቢያ ሆርሞኖችን ትእዛዝ ይቀንሳል፤ የወር አበባም ይቀራል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ይህን ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ2014 በስፖርት የሚከሰት አንጻራዊ የኃይል እጥረት ብሎ ሰይሞታል። (ወንዶችንም ያጠቃል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ምልክት ስለሌላቸው ሳይታወቅ ይቆያል።) እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ አጥንቷ ነው፤ ምክንያቱም ኢስትሮጅን የተባለው የሴቶች የመራቢያ ሆርሞን ሲቀንስ አጥንት የሚሳሳ ከመሆኑም በላይ፣ በዚህ ዕድሜ ሳይገነባ የቀረው የአጥንት ክምችት በኋላ ሙሉ በሙሉ ላይተካ ይችላል፤ በቅልጥም፣ በእግርና በዳሌ አጥንት ላይ ከተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ ስንጥቅም ሯጭን ለወራት ከሜዳ ያርቃል። ክብደት ሲቀንስ የሩጫ ሰዓት ለጊዜው ሊሻሻል ስለሚችል፣ ብዙ አሠልጣኞች በዚያ ይታለላሉ።

ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይውሰዷት፤ እርግዝና፣ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ችግርና ሌሎች ምክንያቶች በምርመራ መለየት አለባቸው። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ደም እንዲታይ ቢያደርግም የኃይል እጥረቱን ስለማይፈታ ችግሩን ይሸፍነዋል። በጾም ወቅት ጠዋት ሮጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ የምትውል ከሆነም ይህንኑ ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩ።