“በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ” ተባለ፤ ገንዘቤስ?

ጥያቄ፦ የወረዳችን ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ሰው የቤቴ ካርታ እንዲወጣልኝ 200 ሺህ ብር አስከፍለውኝ ነበር። ካርታው ሳይወጣ በሥነ ምግባር ጥሰት ተገመገሙ፤ ወዲያው “በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ” ተባለ። አሁን ሽማግሌ ልከው “ግማሹን ልመልስልሽና እንታረቅ” ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ይመጣሉ። ከሥልጣን የወረደን ሰው መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝን በአጭሩ እመልሳለሁ፤ ያልነገሩኝ ላይ ግን መቆየት አለብኝ።

መክሰስ ይችላሉ። መልቀቅም ሆነ መባረር በወንጀልም በፍትሐ ብሔርም ከመጠየቅ አያድንም። ታምራት ላይኔ በጥቅምት 1989 ዓ.ም. ከምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርነት ተነሱ፤ ነገሩ በዚያ አላበቃም፣ ተከሰው በ1992 የ18 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ተመራጭም ሆነ ሹም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ነው ይላል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2126 መሠረት በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ የመንግሥት ሠራተኛ ራሱ ካሳ ይከፍላል፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ መንግሥትንም መጠየቅ ይቻላል። አንድ ነገር ያጣሩ፦ ሰውየው የምክር ቤት ወንበራቸውንም ለቀዋል? ከአስፈጻሚነት ተነስተው አባልነታቸው ሊቀጥል ይችላል። ያለመከሰስ መብት ካላቸው ለወንጀል ክሱ መጀመሪያ መብቱ መነሳት አለበት።

አሁን ወደ ዝምታዎ ልምጣ። “አስከፍለውኝ” ብለዋል። ደረሰኝ ቢኖርዎት ኖሮ በመጀመሪያው መስመር ይጽፉልኝ ነበር። ስለዚህ ገንዘቡ በእጅ ወይም በሌላ ሰው ሂሳብ ነው የሄደው ብዬ እገምታለሁ። አይቀየሙኝ፣ ይህን ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል፦ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ጉቦ መቀበል ብቻ ሳይሆን መስጠትም ያስቀጣል። አስፈራርተው ወስደውብዎት ከሆነ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ያንን ግን በማስረጃ ማሳየት ይጠበቅብዎታል። የሙስና ድርጊት ውስጥ የገባ ሰው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ጠቃሚ መረጃ ከሰጠ ከክስ ነጻ ሊደረግ የሚችልበት መንገድ በልዩ የሥነ ሥርዓት አዋጁ (434/1997) አለ። ይህ ግን ሥልጣን ያለው አካል ሲያምንበት የሚፈቅደው ነው፤ መብቴ ነው ብለው አይሂዱበት። ከጠበቃ ጋር ሳይቀመጡ ለፖሊስም ለፀረ ሙስና ኮሚሽንም ቃል አይስጡ።

አሁን ስለ ቅዳሜው። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁት እዚህ ነው። ሽማግሌዎቹ ቅን ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚያስፈርሙት ወረቀት ግን ብዙውን ጊዜ የተዘጋጀው በሰውየው በኩል ነው። “ለጉዳይ ማስፈጸሚያ የሰጠሁትን ገንዘብ ተረክቤያለሁ፤ ከእንግዲህ በማንኛውም አካል ፊት ክስ አላቀርብም” ይላል። አንዲት ደንበኛዬ ይህንኑ በግማሽ ገጽ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ፈርማ ነበር። ከወራት በኋላ መርማሪው ያንኑ መስመር አነበበላት፤ “ለጉዳይ ማስፈጸሚያ” የሚለው የራሷ ቃል ሆኖ ቀረበባት። ሰውየውንም ቢሆን ዕርቁ አላዳነውም፤ የሙስና ክስ የመንግሥት ነው፣ እርስዎ ስለታረቁ አይቋረጥም። በወረቀቱ የሚታሰረው የእርስዎ የካሳ ጥያቄ ነው።

ሽምግልናው የሚበላውም ጊዜ አለ። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ መጠየቂያው ጊዜ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 ሁለት ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ነው። ብዙዎች ሹሙ ከተነሳበት ቀን ይቆጥራሉ፣ “ግምገማው ያልቅ” ብለው ይጠብቃሉ፣ “ቀጣዩ ሳምንት” እየተባሉ ይከርማሉ። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) ከረዘመ ረዥሙ ይሠራል፤ እርስዎ ግን ይህን ተማምነው አይቀመጡ። ገንዘቡን የሰጡበትን ቀን አልጻፉልኝም። ዛሬውኑ ይፈልጉት።

እስከ ዓርብ እነዚህን ይሰብስቡ፦ ማህተም ያለበት የካርታ ማመልከቻዎን ግልባጭ፣ የባንክ ማስተላለፊያ ወረቀት፣ የተለዋወጡትን መልእክት። ስልክዎን አይቀይሩ፣ ምንም አያጥፉ። ከዚያ ይዘውት ወደ ጠበቃ ይሂዱ፤ የምጽፍልዎት የላኩልኝን ብቻ አይቼ ነው፣ ፋይሉን የሚያይ ሰው ያስፈልግዎታል።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹን በክብር ይቀበሏቸው፣ ቡናም ያፍሉላቸው። ወረቀት ካወጡ ግልባጩን ይጠይቁና “ጠበቃ ሳላማክር አልፈርምም” ይበሏቸው። ነውር የለውም።