በሲኮች ቅድስት ከተማ ግንባሬን መሬት አስነካሁ፤ ክጃለሁ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ህንድ አገር፣ ፑንጃብ ውስጥ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። ባለፈው ዓርብ ከክፍል ልጆች ጋር የሲኮች ቅድስት ከተማ የምትባለውን አምሪትሳርን አይተን መጣን። በወርቅ የተለበጠውን ቤተ መቅደስ ውኃ መካከል ቆሞ ሳየው እንባዬ መጣ። ጫማ አውልቀን፣ ፀጉር ሸፍነን ገባን። ውስጥ ሰው ሁሉ በመጽሐፋቸው ፊት ሲሰግድ እኔም ግንባሬን መሬት አስነካሁ። በእጄ ያደረጉልኝን ትኩስ ጣፋጭ በላሁ። ከዚያም ለሁሉ በነፃ የሚቀርበውን ምሳ በላን። የብረት አምባራቸውንም ገዝቼ አደረግሁ። አጠገቡ ባለው የእልቂት መታሰቢያ ቆሜ ደግሞ «አቤቱ ማራቸው» አልኩ። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ክርስቶስን ክጃለሁ? ሲክ ጓደኛዬ እንደገና እንሂድ እያለችኝ ነው፤ ልሂድ?

መልስ፦ እኅቴ፣ መጀመሪያ ልብሽን አሳርፊ። አልካድሽም። ክርስቶስን አላውቀውም አላልሽም። እንቅልፍ የነሣሽም እርሱን ስለምታውቂው ነው። ግን ያደረግሽው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ጨዋነት ነው፣ አንዳንዱ ስሕተት ነው።

እኔም ለትምህርት ህንድ በነበርኩበት ጊዜ አምሪትሳርን አይቻታለሁ። እንባሽ ይገባኛል። የደረስኩት ሲመሻሽ ነበር። ነጩን እብነ በረድ በባዶ እግር ስትረግጪው፣ ዝማሬው ከውስጥ ሲመጣ፣ ወርቁ ኩሬው ላይ ሲያበራ ልብ ይነካል። ውብ ነገር አይቶ ማልቀስ ኃጢአት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስም አቴና ሲገባ ዓይኑን ጨፍኖ አላለፈም። የሚያመልኩትን እየተዘዋወረ ተመለከተ፣ ከዚያ ነው የተናገራቸው (ሐዋ. 17)። ኩሬውን በ1577 እ.ኤ.አ. ያስቆፈሩት አራተኛው መሪያቸው ጉሩ ራም ዳስ ናቸው። ወርቁ የተለበጠው ግን በ19ኛው መቶ ዘመን፣ በማሃራጃ ራንጂት ሲንግ ጊዜ ነው። ቤተ መቅደሱ አራት በር አለው። ከየትኛውም አቅጣጫ፣ ከየትኛውም ወገን የመጣ ሰው ይግባ ሲሉ ነው።

ጫማ ማውለቁና ፀጉር መሸፈኑ አያስጨንቅሽ። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የሰው ቤት ገብቶ የቤቱን ሥርዓት ማክበር አስተዳደግ ነው።

ስግደቱ ላይ ግን ቆም እንበል።

«የአክብሮት እንጂ የአምልኮ ስግደት አልነበረም» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። «እኛስ ለመስቀል እንሰግድ የለ?» ይልሻል። እውነት ነው፣ ቤተ ክርስቲያናችን የአምልኮን ስግደት ከአክብሮት ስግደት ትለያለች። ግን ስግደት ሲሰገድ በዚያ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሲኮች በአንድ አምላክ ያምናሉ፣ ጣዖትንም አይቀበሉም። ይህን ሳንሸፍን መናገር አለብን፤ ስለ ሰው ሃይማኖት ሐሰት መናገር ለእኛም አይፈቀድም። ከጉሩ ናናክ ጀምሮ አሥር ጉሩዎች ነበሯቸው። አሥረኛው፣ ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ፣ በ1708 እ.ኤ.አ. ሊሞቱ ሲሉ ከእንግዲህ ሰው የሆነ ጉሩ አይኖርም፣ ጉሩአችሁ መጽሐፉ ነው አሉ። ስለዚህ መጽሐፉ ለእነርሱ የታሪክ መዝገብ ብቻ አይደለም። ሕያው መምህር ነው። በዙፋን ይቀመጣል፣ ከላዩ ጥላ ይዘረጋለታል፣ ሌሊት ወደ ማረፊያው በክብር ይሸኛል። በፊቱ ግንባሩን መሬት የሚያስነካ ሰው «መምህሬ አንተ ነህ» እያለ ነው።

ጉሩ ማለት መምህር ማለት ነው። ጌታችን ደግሞ መምህራችሁ አንድ ነው፣ እርሱም ክርስቶስ ነው ብሎናል (ማቴ. 23)። እኔን ራሱ መምህር ስትይኝ ከእርሱ የተማርኩትን ስለምነግርሽ ብቻ ነው። እኅቴ፣ በዚያ ቦታ መስገድ የሌለብሽ ለዚህ ነው። እነርሱ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ስግደቱ የሚናገረውን ቃል አንቺ መናገር ስለማትችዪ ነው።

ያደረግሽው ሰው ሁሉ ስላደረገው፣ ሳታስቢ ነው። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ሩቅ ናቸው ብለሽ አትተዪው፣ በስልክም ቢሆን ጠይቂያቸው። የሚሰጡሽን ፈጽሚ፣ ከዚያ በኋላ በዚህ ጉዳይ ራስሽን አትቅጪ። ደግሞ ማወቅ ያለብሽ፣ ስገጂ ብሎ የሚያስገድድሽ የለም። እኔ ዝም ብዬ ቆሜ አልፌአለሁ። ማንም ክፉ ዓይን አላየኝም።

ጣፋጩ ፕርሻድ ይባላል። ከዱቄት፣ ከስኳርና ከቅቤ የሚሠራ ነው። በጸሎታቸው ተባርኮ የሚታደል የአምልኳቸው በረከት ነው። እኛ በረከታችንን ከቤተ ክርስቲያናችን ነው የምንቀበለው። ስለዚህ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ፣ በፈገግታ «አመሰግናለሁ» ብለሽ እለፊ።

ምሳው ሌላ ነው። ላንጋር ይሉታል። በቀን ከ50 ሺህ የሚበልጥ ሰው ይመገብበታል፣ ሌሊትም አይዘጋም። ሀብታሙም ለማኙም መሬት ላይ በአንድ ረድፍ ይቀመጣል። እንጀራቸውን በሁለት እጅ ትቀበያለሽ፣ ምስር ወጥ በባልዲ እያመጡ ይጨልፉልሻል። አብሳዩም አጣቢውም አብዛኛው በጎ ፈቃደኛ ነው። እኔ ስቀመጥ የዝክር ቀን ትዝ አለኝ። የኔ ቢጤዎች በተርታ ተቀምጠው ሲበሉ፣ እናቶቻችን ወገባቸውን በመቀነት አስረው ሲያስተናግዱ ታየኝ። ይህ ማዕድ ለመንገደኛ ሁሉ የሚቀርብ የፍቅር ማዕድ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም የማያምን ሰው ቢጠራችሁና መሄድ ብትወዱ፣ ሳትመራመሩ ያቀረበላችሁን ብሉ ይላል (1ኛ ቆሮ. 10)። ብዪ፣ አመስግኚም። ከመብላትሽ በፊት ግን በልብሽ አባታችን ሆይ በዪ።

ችግሩ ዓርብ መሆኑ ላይ ነው! ላንጋር ሥጋ የለበትም። ለብዙ ልጆቻችን ወጥመድ የሚሆነውም ይሄ ነው፣ «ሥጋ ከሌለው ጾም ነው» ይላሉ። ቂጣው ቅቤ ሊቀባ ይችላል፣ ምስሩም ቅቤ ሊገባበት ይችላል። ሩዙ በወተት የተቀቀለ ገንፎ መሰል ነገር ከሆነ ደግሞ ለእኛ ያው የፍስክ ነው። ይህንንም ለንስሐ አባትሽ ንገሪ።

አምባሩ ካራ ይባላል። ለሲኮች የእምነት ምልክት ነው፣ ከአምስቱ ምልክቶቻቸው አንዱ። አንድ ቱሪስት ላሊበላ መጥቶ ለፋሽን ብሎ ማዕተብ ቢያስር ምን ይሰማሻል? በአንገትሽ ያለው ማዕተብ ማን እንደሆንሽ ይናገራል። በእጅሽ ሌላ ምልክት አትጨምሪ። አውልቂውና ለጓደኛሽ ስጫት፣ እርሷ ክብሩን ታውቀዋለች።

አሁን ወደ እልቂቱ ቦታ፣ ወደ ጃሊያንዋላ ባግ ልምጣ። እዚያ ግድግዳው ላይ የጥይቱን ቀዳዳ፣ ሰዎች ከጥይት ሊያመልጡ የዘለሉበትን ጉድጓድ አይተሻል። ቀኑ ሚያዝያ 5 ቀን 1911 ዓ.ም. ነበር። ለእነርሱ የቫይሳኪ በዓል፣ ለእኛ የሆሳዕና እሑድ። እኛ ዘንባባ ይዘን ሆሳዕና ስንል፣ የእንግሊዙ ጄኔራል ዳየር በዚያ በታጠረ ግቢ ለተሰበሰበ ባዶ እጁን ላለ ሕዝብ ተኩስ አዘዘ። 1,650 ጥይት ተተኮሰ። የእንግሊዝ መንግሥት 379 ሰው ሞተ አለ፣ ህንዶች ግን ሺህ ይደርሳል አሉ። ስድስት ኪሎ የየካቲት 12ን ሐውልት እያየ ያደገ ሰው እዚያ ቆሞ ዝም ማለት አይችልም። የአንቺም ልብ ያወቀው ይመስለኛል። ጸሎተ ፍትሐት ቤተ ክርስቲያን ለልጆቿ የምታደርሰው ሥርዓት ነው። በግፍ ለፈሰሰ ደም «አቤቱ ማራቸው» ማለት ግን የሰው ልብ ጩኸት ነው። ፍርዱ የእርሱ ነው፣ ልመናሽም በእርሱ ፊት ነው። በዚህ አትጸጸቺ።

ጓደኛሽ እንሂድ ካለችሽ ሂጂ። ጾም በሌለበት ቀን፣ ቅዳሜ ይሁን። ከቤትሽ ነጠላሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ለፀጉርሽ ይሆንሻል። መጽሐፉ ወዳለበት ሰልፍ ስትደርሱ «ውጪ ልጠብቅሽ» በያት፣ ምክንያቱን ከጠየቀችሽም ሳትፈሪ ንገሪያት። አምባሩንም ያን ጊዜ ስጫት። ስትወጣ ላንጋሩ ጓሮ ሳህን የሚታጠብበት ቦታ አለ። እጅጌሽን ሰብስበሽ አብረሻት እጠቢ፣ የመጣውን ሁሉ ያስገባሉ።